የቅዳሜው ሳህን

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ወይዘሮ ኢኒድ ኤልስመር መኪናቸውን ከባርዊኮች አጥር ውጭ አቆሙና ሞተሩን ሳያጠፉ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ኮራሊ ባርዊክ የአባቷን የሥራ ሱሪ ገመድ ላይ እያሰጣች ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ከእኚህ ሴት አፍ "እንደምን አደርሽ" ከምትል ቃል በቀር ሌላ አልሰማችም፤ እሷንም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ለቄሱ ሲሉ።

"ቅዳሜ ማታ እንግዶች አሉብኝ፣ ኮራሊ" አሉ። "ያንን የተጋገረ ድንችሽን መጥተሽ እንድትሠሪልኝ ፈልጌ ነበር።"

"የኔን?"

"ያንቺን ነዋ። በኔተርቢ ድንች የማይጋግር ሴት የለም፤ ያንቺ ግን ሌላ ነው ይላሉ። ዳንከንም ይወደዋል።"

ይህን ስም ከእናቱ አፍ ስትሰማ እርጥቡ ሱሪ ከእጇ አምልጦ ቀዩ አፈር ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሳችው። ጎንበስ ማለቷም በጃት፤ ፊቷ እንዴት እንደ ቀላ ወይዘሮዋ አላዩም። ቀና ስትል "እሺ፣ እመጣለሁ" አለች። መኪናው ሄደ።

አባቷ ቨርን ባርዊክ በኤልስመሮች መጋዘን ድንች ሲለይ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። የሚኖሩባትም ቤት የኤልስመሮች ናት። ጀርባው ጎብጧል፤ ምላሱ ግን ቀጥ እንዳለ ነው።

"ምን ፈልጋ ነው?" አለ በምሳ ሰዓት።

"ድንች።"

"ድንች! አርባ ቶን ድንች መጋዘኗ ውስጥ ተከምሮላት ከኛ ቤት ድንች?"

"የተጋገረ፣ አባዬ። እንግዳ አለባት።"

"እህ። ሞተሩን አጥፍታ ነው የጠየቀችሽ?"

"አላጠፋችም።"

"እንግዲያው አትሂጂ። ሞተሩን ሳያጠፋ የሚለምን ሰው እየለመነ አይደለም።"

ኮራሊ ሳቀች። እንደምትሄድ ግን ሁለቱም ያውቁት ነበር።

በኔተርቢ ሰው ሲሞት አበባ የሚልክ የከተማ ዘመድ ብቻ ነው። የአገሩ ሰው ምግብ በሳህን ይዞ ይመጣል። ከሳህኑ ሥር ፕላስተር ይለጠፍና የባለቤቱ ስም ይጻፍበታል። የሐዘን ቤቱ ሰዎች እንባቸው ሲደርቅ ሳህኑን አጥበው፣ እንቁላልም ይሁን ፖም የሆነ ነገር ጣል አድርገውበት ይመልሳሉ። ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ከዚህ የባሰ ነውር አንድ ብቻ አለ፤ እሱም ከሐዘን ቤት ሳህንን መጠየቅ ነው። ዓመት ቢቆይም አይጠየቅም። በአንድ ወቅት "ሳህኔን" ብላ የሄደች ሴት ነበረች። ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ስሟ ሲነሳ የሚወራላት ይኸው ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ሽማግሌው ኤልስመር ትራክተራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ልባቸው ቆመ። ወደ ትልቁ ቤት አሥራ አራት ሳህን ወጣ። አንዱ የኮራሊ ነበር፤ ከእናቷ የቀራት፣ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ነጭ የብረት ሳህን፣ አንድ ጥጉ ላይ ቀለሙ የተላጠ። ውስጡ ድንች በክሬም ተጋግሮበት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሟቹ አንድያ ልጅ ዳንከን ራሱ ሳህኑን ይዞ መጣ። ስድስት እንቁላል ነበረበት፤ ከእንቁላሉ ሥር ደግሞ እርሳስ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት። "ከአሥራ አራቱ የበላሁት ያንቺን ብቻ ነው። በጓሮ ደረጃ ላይ ተቀምጬ፣ በማንኪያ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ።"

ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል? ኮራሊ ሳህኑን እንደ ገና ሞላችውና ቅዳሜ አባቷ ወደ መጋዘኑ ሲወጣ አስያዘችው። ዓርብ ዳንከን የጓሮ ደረጃው ላይ ያስቀመጠውን ሳህን አባቷ ይዞላት ተመለሰ፤ ለውዝ ነበረበት፣ ከለውዙ ሥር ደብዳቤ። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ። ቅዳሜ ድንች ይወጣል፣ ዓርብ ደብዳቤ ይወርዳል። ሁለት ጊዜ ወንዙ ዳር ተገናኝተዋል። በሁለተኛው ጊዜ ዳንከን ቢላ የቆረጠውን አውራ ጣቷን ይዞ ሳመው። ኮራሊ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ በፊት ጣቷን ልብ ብሎ ያየላት ሰው አልነበረም።

በመስከረም አንድ ዓርብ ሳህኑ ሳይመለስ ቀረ። በሚቀጥለውም ዓርብ ቀረ። የሐዘን ቤት ሳህን ነው፤ መጠየቅ አይቻልም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ዳንከንን አየችው። ዐይኑን ፈለገች፤ አገኘችውም። ፈገግ እስኪል ጠበቀች። እሱ ግን ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ዝቅ አድርጎ አለፈ። "አፍሮብኛል" አለች በልቧ። "የመጋዘን ሠራተኛ ልጅ መሆኔ ዛሬ ትዝ አለው።" ሰባት ወር ሙሉ በየእሑዱ ዐይን ለዐይን እየተጋጩ፣ ሁለቱም ቀድመው እያቀረቀሩ ኖሩ። ኩራት እራት ነው ይባላል፤ ኮራሊ ሰባት ወር እሱን ስትበላ ከረመች፣ ጠብ አላለላትም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች።

"ድንች ለመላጥ ነው አረንጓዴ ቀሚስ?" አላት አባቷ ከወንበሩ ሳይነሳ።

"ሽርጥ አደርግበታለሁ።"

"ሽርጥ የምታደርጊበት ከሆነ ማን ያየዋል?"

ሐሙስ ከሰዓት ጀምሮ በውስጧ የሚመላለስ አንድ ሐሳብ ነበር፤ እናቱ ካስጠሩኝ እሱ ጠይቋቸው ነው፤ እሱ ከጠየቃቸው ታርቀውናል ማለት ነው። የተራበ ልብ እንዲህ ነው፣ ከፍርፋሪ ድግስ ይደግሳል። መንገዱን ሙሉ እግሯ መሬት አልነካም።

በትልቁ ቤት ማዕድ ቤት ወይዘሮ ኤልስመር ድንቹን፣ ክሬሙን፣ ፎርማጆውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ጠበቋት። ቀሚሷን አዩ።

"የምትጋግሪበት ሳህን ጓዳው ውስጥ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አለ" አሉ። "ከብልቃጦቹ ጀርባ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለው። እሱን ተጠቀሚ፣ ሌላ እንዳታነሺ። ለአሥራ ሁለት ሰዓት ይድረስልኝ።"

ኮራሊ ሥራዋን ጀመረች። ሥራ ላይ ስትሆን ሌላ ሰው ናት። "ሮዝ ዐይን" የሚሉትን ድንች ላጠችና በስሱ ቆረጠችው። አላጠበችውም። ከኔተርቢ ሴቶች ግማሾቹ ቆርጠው ያጥቡታል፤ የነሱ ድንች ክሬሙ ላይ እንደ ዋናተኛ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። ኮራሊ ከድንቹ የሚወጣውን ነጭ ውሃ እዚያው ትተወዋለች፤ ክሬሙን የሚያወፍረው እሱ ነው። ሽንኩርቱን በቅቤ አለሳለሰች። ፎርማጆውን ፋቀች። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥታ ብልቃጦቹን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና ጥቅሉን አወረደች።

ጋዜጣውን ስትፈታው መጀመሪያ ያየችው ሰማያዊውን ጠርዝ ነው። ቀጥሎ የተላጠውን ጥግ። ገለበጠችው። ፕላስተሩ ተፍቋል፤ ከስሟ የቀሩት ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው። ስትገለብጠው ከውስጡ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ፤ የእርሳሱን ጽሑፍ ገና ሳታነሳው አወቀችው። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

"ኮራሊ፣ እኔ ንግግር አላውቅም፣ ታውቂኛለሽ። እናቴ የሠራተኛ ልጅ ካገባሁ መሬቱን እንደማታወርሰኝ የምትለውን ሰምተሽ ይሆናል። እኔ እሱን አላስብም። ልታገቢኝ ከፈቀድሽ ቅዳሜ ሳህኑን እንደ ወትሮው ሞልተሽ ላኪልኝ። ካልፈቀድሽ እዚያው ይቅር። እኔም ዳግመኛ አላስቸግርሽም፣ ለምን ብዬም አልጠይቅሽም። ዳንከን።"

ቀኑ የመስከረም ነበር።

ኮራሊ ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበበችው። ስታለቅስ ድምፅ አላወጣችም፤ እንባው ዝም ብሎ ወረደ። እሷ ሳህኑ እስኪመለስ ስትጠብቅ እሱ ሳህኑ እስኪላክ ሲጠብቅ! እዚህ የብልቃጥ ጎረቤት ሆኖ የሁለቱን ዕድሜ ሲበላ የከረመው ይህ ሳህን! ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያቀረቀረው አፍሮባት ሳይሆን እምቢ የተባለ ሰው ስለ ነበረ ነው። "ወይኔ፣ የኔ ሆድ" አለች ለብቻዋ። "እኔ ነኝ ወይስ አንተ ሞኙ?" ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ እንባዋ መሀል ሳቀች። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ማን ሳህኑን እንደ ደበቀው ለመጠየቅ ጊዜ አልነበራትም፤ መልሱም ግልጽ ነበር። ግን በዚያ ሰዓት ለወይዘሮ ኤልስመር እንኳ ክፉ ማሰብ አልቻለችም። "ረስተውት ነው እዚህ ያኖሩት፣ እግዜር ነው ያስታወሳቸው" አለች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንዲሉ፣ አሮጊቷ ሳህኑን እንጂ ሌላ እንዳታነሳ ለምን እንዳዘዟት ልብ አላለችም። ሳህኑን አጠበች፣ ቅቤ ቀባችው። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ለመዓዛ ትንሽ ገውዝ፣ ክሬም፤ እንደ ገና ድንች። ከላይ ፎርማጆውን በተነች። ደብዳቤውን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ ሳህኑን ወደ ምድጃው ስታስገባ ለዕድሜ ልክ የሚሆን መልስ እንደምትልክ ታውቅ ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ ሰዓት ደስ ብሏት አያውቅም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል መኪና መጣ። ከማዕድ ቤቱ ወደ ምግብ ክፍሉ ምግብ የሚቀባበሉባት ትንሽ መስኮት አለች። ኮራሊ በእሷ አሻግራ አየች። የወንዙ ዳር መሬት ሁሉ ባለቤት ሚስተር ፔንሮዝ ገቡ፤ ሚስታቸው ገቡ፤ ከላውንስስተን ትምህርቷን ጨርሳ የተመለሰችው ልጃቸው ፊሊፓ ገባች። ዳንከን የፊሊፓን ካፖርት ተቀበለ። ግራ እጇ ላይ ቀለበት ነበር።

ኮራሊ የእቃ መጥረጊያውን ጨርቅ አፏ ላይ ያዘች። የተጠራችው ለማን ድግስ እንደ ሆነ ገባት። ሌላ ሴት ብትሆን ሽርጧን ወርውራ በጓሮ በር ትወጣ ነበር። እሷ ግን ኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት በጣቷ ነካችው። አያውቅም፣ አለች። እምቢ ያልኩት መስሎት ነው እንጂ። አሁን ሳህኑን ሲያይ ያውቃል። አንድ ሰው ከጠረጴዛ ለመነሳት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?

ድንቹ ከላይ ወርቅ መስሎ፣ ጠርዙ ላይ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። አሥር ደቂቃ አሳረፈችው፤ ያላረፈ ድንች ሲቆረጥ ይፈርሳል። ከዚያ በመስኮቷ አቀበለች። ወይዘሮ ኤልስመር በሁለት እጃቸው ተቀበሉና አዙረው አዙረው፣ ሌላ ቦታ እንደ ሌለ ሁሉ፣ ልክ ዳንከን ፊት አስቀመጡት። የተላጠው ጥግ ወደ እሱ ዞሮ ነበር።

ዳንከን ስለ ዝናቡ ለሚስተር ፔንሮዝ እያወራ ነበር። አቋረጠ። ሳህኑን አየ። ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ መስኮቷ አዞረና ኮራሊን አየ። ሰባት ወር ሙሉ ያልተያዩትን በአንድ ጊዜ ተያዩ። ኮራሊ አላቀረቀረችም። "አዎ" አለችው በዐይኗ። "አዎ፣ አዎ፣ ይኸው ልኬልሃለሁ።" ከንፈሩ ሲከፈት አየች፤ ወንበሩም ሲንቃቃ የሰማች መሰላት።

ዳንከን እጁን ዘረጋ። ማንኪያውን አንስቶ ከጥጉ፣ ከቡናማው በኩል ዛቀና የራሱ ሳህን ላይ አደረገ። በላ። አኝኮ እስኪውጥ ድረስ ኮራሊ ዐይኗን ከእሱ አልነቀለችም። እንደ ገና ዛቀ።

"ዳንከን! ለኛም አስቀርልን እንጂ!" አለች ፊሊፓ እየሳቀች። "ይሄ ሰውዬ ድንች በሕልሙም አይቶ አያውቅም እንዴ?"

ሁሉም ሳቁ። ዳንከንም ሳቀ። ሦስተኛም ጊዜ ጨመረ። ኮራሊ መስኮቷን ዘጋችና ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች፤ እንግዶቹ እስኪሄዱ እየጠበቀ ነው፣ ጨዋ ልጅ ስለ ሆነ ነው እያለች። ያን ያህል ታምነው ነበር።

የማዕድ ቤቱ በር ሲከፈት ዳንከን የተደራረቡ ሳህኖች ይዞ ገባ። በዚያ ቤት ወንድ ሳህን አንስቶ አያውቅም። ኮራሊ ይህን ስታይ ልቧ ዘለለ። በሩን በተረከዙ ዘጋው።

"ድንቹ ጥሩ ነበር" አለ።

"ዳንከን።"

"ደብዳቤው አንቺ ጋ ነው?"

"እኔ ጋ ነው። ዛሬ ነው ያገኘሁት፣ ዛሬ፣ እዚህ ጓዳ ውስጥ። ሳህኑ አልደረሰኝም ነበር! እምቢ አላልኩህም። በሞትኩት፣ ሰባት ወር ሙሉ እምቢ አላልኩህም!"

"ቀስ በዪ። አውቃለሁ።"

"እንዴት ታውቃለህ?"

"እናቴ ነገረችኝ። ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። ቀለበቱን ልገዛ ስወጣ በር ላይ አስቆመችኝና ሳህኑን አወጣችው። 'ሳትሄድ ይህን እወቅ፣ በኋላ እኔን እንዳትረግም' አለችኝ።"

"ከዚያስ?"

ዳንከን ሳህኖቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በጥንቃቄ ነበር ያስቀመጣቸው፤ አንዱም አልተንኳኳም።

"ከዚያ ቀለበቱን ገዛሁ" አለ።

ምድጃው ውስጥ እንጨቱ ተሰነጠቀ። ኮራሊ የምትይዘው ነገር ፈለገች፤ የወንበሩን መደገፊያ አገኘች።

"ስሚኝ፣ ክፉ ሰው አይደለሁም" አለ። "መዋሸት ስለማልፈልግ ነው። ያን ቅዳሜ መስኮት ላይ ቆሜ አባትሽ ባዶ እጁን ሲመጣ አየሁት። በጣም የማዝን መስሎኝ ነበር። ወጥቼ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ፤ እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ተኛሁ፣ ኮራሊ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ከናቴ ጋር መጣላት ቀረልኝ፣ መሬቱን ማጣት ቀረልኝ። አንቺ ነሽ እምቢ ያልሽው፣ እኔ አይደለሁም። እንዴት እንደ ቀለለኝ ልነግርሽ አልችልም።"

"ደብዳቤው ላይ አላስብም ብለህ ነበር።"

"ስጽፈው እውነቴን ነበር።"

"አሁንስ? ዛሬ ሳህኑን ስታይ? እኔን ስታየኝ?"

"ራበኝ" አለ ዳንከን። የእውነት ነበር፤ ለዚህ ነው የከፋው። "ሌላ ምን ልበልሽ? ደብዳቤውን ስጪኝ። ፊሊፓ እጅሽ ላይ እንዳታየው። ምንም አላጠፋችም፣ እሷን አናሳዝናት።"

"እሷን አናሳዝናት" አለች ኮራሊ ቃሉን እየደገመች። ያቺ ቃል ከሁሉም ይልቅ አንጀቷን ቆረጠችው። ኮራሊም የምታዝን ሰው መሆኗ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለውም። ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። ለምን እንደ ሰጠችው ኋላ ራሷን ብዙ ጊዜ ጠይቃለች፤ ምናልባት እጁ ሲነካት አንድ ነገር ይሰማው ይሆናል ብላ ነው። ጣቱ ጣቷን ነካ። ዳንከን የምድጃውን በር ከፍቶ ደብዳቤውን ወደ ፍሙ ጣለ፤ አንዴም ሳያነበው።

"አመሰግናለሁ" አለ ሲወጣ።

ኮራሊ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ውሃው ይፋጃል፤ አልታወቃትም። ወይዘሮ ኤልስመር መቼ እንደ ገቡ አላየችም፤ ከኋላዋ ድምፃቸውን ብቻ ሰማች።

"ስድብሽ ካለ ልቀበል" አሉ።

"ሆን ብለው ነው ሳህኑን ያስወረዱኝ።"

"ሆን ብዬ ነው። እኔ ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር? አሮጊቷ ናት የለየችን እያልሽ ስትረግሚኝ፣ እሱን ስትመርቂ ትኖሪ ነበር። በዐይንሽ ማየት ነበረብሽ።"

"ደብዳቤዬን ሰርቀውኛል!"

"ከደረጃው ላይ ሳህን አንስቼ ደብቄያለሁ። እግዜር ፊት እጠየቅበታለሁ። ግን የልጄን እግር አላሰርኩም። ከኔ በር እስከ እናንተ በር አንድ ማይል ነው፣ ያውም ቁልቁለት። ሰባት ወር በየማታው መስኮት ላይ ቆሜ ይወርድ እንደ ሆነ አይቻለሁ። ቢወርድ ኖሮ ባርኔጣዬን አድርጌ ሠርጉ ላይ እቀመጥ ነበር፤ ወድጄ አይምሰልሽ፣ ተሸንፌ። አልወረደም። አንቺስ ለምን አልወጣሽም?" አሉ።

"ከሐዘን ቤት ሳህን አይጠየቅም" አለች ኮራሊ። እንባዋ አሁን መጣ።

"ሳህን አይጠየቅም። ሰው ግን ይጠየቃል፣ ልጄ።"

"ልጄ" ያሏት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ኮራሊ መልስ ፈልጋ ዞር ስትል ግን በሩ ተከፈተና ፊሊፓ ፔንሮዝ ጉንጮቿ ቀልተው፣ እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ይዛ ገባች።

"ኮራሊ! አንቺ ነሽ አይደል? እንዴት ያለ እጅ ነው ያለሽ በናትሽ! ዳንከን ሦስት ጊዜ ጨመረ፣ አየሽው? እኔ እንቁላል እንኳ መቀቀል አልችልም፣ እናቴ ትመስክር። እንዴት እንደምትሠሪው ንገሪኝና ልጻፈው። እሱ ይሄን ከወደደ በየሳምንቱ እሠራለታለሁ።"

ኮራሊ እጇን በጨርቁ አደራረቀች። ይህቺ ልጅ ምንም አላወቀችም። ደስተኛ ናት፤ ዐይኗ ንጹሕ ነው፤ ቀለበቱ ገና ስላልለመዳት በአውራ ጣቷ ታዞረዋለች። ደግ ቃል ይገባት ነበር። ድንቹን እንዳታጥቢ፣ ሽንኩርቱን መጀመሪያ አለስልሺ፣ ከምድጃ ሲወጣ አሳርፊው ማለት ይቻል ነበር። ወይዘሮ ኤልስመር ከጓዳው በር ሥር ሆነው ፊታቸው አመድ መስሎ ያዩዋታል።

"አትድከሚ" አለች ኮራሊ። "ዳንከን የቀረበለትን ይበላል።"

ፊሊፓ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ የኮራሊን ዐይን አየች፤ ቀጥሎ የአማቷን ፊት፤ ቀጥሎ ዳንከን አባቷን እያዋዛ ወደሚስቅበት ክፍል ዞረች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ እንደ ተደገነ ቀረ።

ኮራሊ ሽርጧን ፈታች፣ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የተናገረችው ቃል ፊሊፓ ልብ እንደ ደረሰ ታውቅ ነበር፤ ያቺ ቃል ከእንግዲህ በየምሳውና በየእራቱ ከፊሊፓ ጋር ትቀመጣለች። ደስ ይለኛል ብላ ጠበቀች። ደስ አላላትም። በዚህ ቤት ምንም ክፉ ያልሠራ አንድ ሰው ነበረ፤ እሷ የጎዳችው እሱን ነው።

በጓሮ በር ወጣች። ጨልሟል፤ ሰማዩ በተራራው በኩል የጨረቃ ብርሃን ነበረው፤ ከታች የቤታቸው መብራት ይታያል። ቁልቁለቱን ስትወርድ ከኋላዋ ጠጠር የተንኮሻኮሸ መሰላትና ቆም አለች። ማንም አልነበረም። ያን ጊዜ ነው መንገዱ መሀል በአረንጓዴ ቀሚሷ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን ያለቀሰችው። ያለቀሰችው ስለ ደብዳቤው አይደለም፣ ስለ ሰባቱም ወር አይደለም። አሁን እንኳ፣ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ፣ ዳንከን ከኋላዋ መጥቶ አንዴ ስሟን ቢጠራት ዞራ እንደምትሄድለት ስላወቀች ነው።